ኤልፊንስቶን ሪፍ (ማርሳ አላም፣ ግብፅ)፦ ሰሜን ጫፍ፣ ከረንት፣ የጋዝ ስሌትና ወደ አዲስ አበባ መመለሻው በረራ

#1 — የገደል_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሰዎች ነን፤ ሁለታችን ከዱባይ፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ። ሁላችንም የአድቫንስድና የናይትሮክስ (ኦክስጅን የበዛበት አየር) ኮርስ ጨርሰናል፤ ከ60 እስከ 140 ዳይቭ አለን። ኅዳር አጋማሽ ላይ ኤልፊንስቶን ላይ በዞዲያክ (በጎማ ሞተር ጀልባ) ሁለት ጧት ለመጥለቅ አስበናል። ከእናንተ የምንፈልገው አራት ነገር ነው። በሰሜን ጫፍ መጀመር ይሻላል ወይስ በደቡብ? 12 ሊትር ሲሊንደር ይበቃል? ደቡብ ላይ ያለው ቅስት (አርች የሚሉት) ለእኛ ይሆናል? ለአዲስ አበባዎቹስ በመጨረሻው ዳይቭና በበረራው መካከል ስንት ሰዓት ይተው?

#2 — ቀይባሕር_በረኛ

መጀመሪያ የሪፉን ቅርጽ በአእምሮህ ያዝ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። የአካባቢው ሰዎች ሻዓብ አቡ ሐምራ ይሉታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ፣ ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝም ቀጭን ጀርባ ነው፤ አናቱ ከውኃው ወለል በታች ጥቂት ብቻ ወርዶ ይቆማል። ምሥራቁና ምዕራቡ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ ለስፖርት ጠላቂ መሬት የለውም በሉት። ሰሜኑና ደቡቡ ግን በደረጃ እየወረደ የሚሄድ ደልዳላ አለው። ሰሜኑ ከ20 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 40 ሜትር ይንሸራተትና ገደል ይሆናል።

ከረንቱ (የባሕሩ ፍሰት) አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ይመጣል። የሪፉን አፍንጫ ሲመታ ለሁለት ይከፈላል፤ ትከሻዎቹ ላይ ይፈጥናል፤ በሁለቱ ግድግዳዎች አልፎ ደቡብ ላይ ተገናኝቶ ወደ ባሕሩ ይገፋል። ከአፍንጫው ፊት ለፊት፣ ውኃው በሚከፈልበት ቦታ፣ ጸጥ ያለች ጠባብ ኪስ አለች። ዓሦቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው፤ ጠላቂም መቆም የሚችለው እዚያ ነው። ከእሷ ሃያ ሜትር ግራ ወይም ቀኝ ከወደቅህ ሰሜኑን አጥተሃል፤ ግድግዳውን ይዘህ መሄድ እንጂ ወደኋላ ለመዋኘት መሞከር የለም።

ስለዚህ መልሱ፦ ከረንቱ ከሰሜን ከሆነና መጠነኛ ከሆነ በሰሜን ጀምሩ፣ ጧት ከሆነ ፀሐይ የሚያገኘውን የምሥራቁን ግድግዳ ይዛችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ። ከረንቱ ከደቡብ የሚመጣበት ቀንም አለ፤ ያኔ ዕቅዱ በሙሉ ይገለበጣል። ማታ ሆቴል ውስጥ የተወሰነ ዕቅድ ጧት ባሕሩ ላይ ሊፈርስ እንደሚችል አራታችሁም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

#3 — ቀይባሕር_በረኛ

የረሳሁት፦ ከረንቱን በግምት አትናገሩ፤ ለኩት። ሞተሩ ይጥፋ፣ ጂፒኤሱ ላይ ነጥብ ይያዝ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። አንድ ኖት ማለት በደቂቃ ወደ 31 ሜትር ነው። በሁለት ደቂቃ 60 ሜትር ከሄዳችሁ አንድ ኖት ያህል ነው። ነፋስ ጀልባዋን ስለሚገፋት ቁጥሩ ትንሽ ይዋሻል፤ ስለዚህ አስጎብኚው ማስክ አድርጎ ዘሎ፣ ከሥር ያለውን ውኃ ለግማሽ ደቂቃ አይቶ ይመለስ። ላይና ታች ያለው ውኃ የተለያየ አቅጣጫ የሚሄድበት ቀን ብርቅ አይደለም።

አንድ ጠላቂ ዕቃውን ለብሶ ሳያለከልክ የሚዋኘው ግማሽ ኖት አካባቢ ነው። አንድ ኖትን ለጥቂት ደቂቃ ይታገላል፣ ከዚያ ጋዙ ያልቃል።

#4 — ሳባ_ኤላት

ከላይ ያለው ቁጥር ለአወራረዱም ያገለግላል። በደቂቃ 18 ሜትር ከወረዳችሁ 22 ሜትር ለመድረስ 73 ሰከንድ ያስፈልጋል። በአንድ ኖት ከረንት በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 38 ሜትር ተወስዳችኋል። ስለዚህ ዞዲያኩ ከሰሜን ጫፍ በላይ ቢያንስ 50 ወይም 60 ሜትር ወደ ከረንቱ ገብቶ ነው የሚጥላችሁ። «ሪፉ አናት ላይ ጣለን» የሚል ቡድን ከደልዳላው ጀርባ ነው የሚደርሰው።

አንዱ ከሌላው በ10 ሰከንድ ቢዘገይ 5 ሜትር ይራራቃሉ። አራት ሰው ተራ በተራ ከዘለለ የመጀመሪያውና የመጨረሻው በ15 ሜትር ተለያይተው ነው የሚወርዱት። በአንድ ቆጠራ፣ አራቱም አብረው ወደኋላ ይገልበጡ።

#5 — የገደል_ዳር

እናመሰግናለን፤ በጣም ጠቃሚ ነው። እንዲህ ፈጥኖ ለመውረድ ቢሲዲውን (መንሳፈፊያ ጃኬቱን) ባዶ አድርጎ መግባቱን ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው የሞከርነው። ቅደም ተከተሉን ብትዘረዝሩልን?

#6 — ሳባ_ኤላት

እሺ። ዞዲያኩ ሳይነሳ፣ ትልቁ ጀልባ ላይ፦

ሲሊንደሩ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ባልደረባህ በእጁ ያረጋግጥ። ከዚያ ሬጉሌተሩን (መተንፈሻውን) አፍህ ውስጥ አድርገህ፣ ዓይንህን ግፊት መለኪያው ላይ ጥለህ አራት ጊዜ በኃይል ሳብ። መርፌው በየትንፋሹ እየወረደ ከተመለሰ ቫልቩ በጥቂቱ ብቻ ነው የተከፈተው። ወለል ላይ ምንም ችግር አይሰማህም፤ 25 ሜትር ላይ ግን ጋዙ ሦስት ተኩል እጥፍ ጠብቆ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ማለፍ አለበት፣ ያኔ ትታፈናለህ። ባዶ ቢሲዲ ይዞ ለሚገባ ሰው ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ላይ የሚያቆየው ምንም ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ቢሲዲውን አፍህን ተጠቅመህ አየሩን ምጠጥለት። የማውጫውን ቁልፍ ዝም ብሎ መጫን አይበቃም፤ ከጀርባ በኩል ሁለትና ሦስት ሊትር ይቀራል፣ ያ ደግሞ ሁለትና ሦስት ኪሎ ተንሳፋፊነት ነው።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ድብልቅ ላይ መሆኑን እዩ። ጋዙን ራሳችሁ ለክታችሁ ፈርሙ።

ከዚያ በቆጠራው ተገልበጡ፣ አንድ ጊዜ «እሺ» ተባባሉ፣ ራስ ወደ ታች አድርጋችሁ በፊን (በእግር መቅዘፊያው) ግፉ። መሰብሰቢያው ወለል ላይ ሳይሆን 5 ሜትር ላይ ነው። ጆሮው እምቢ ያለው ሰው ካለ ባልደረባው አብሮት ይቆማል፤ ሁለቱም ሰሜኑን ትተው በግድግዳው ይቀጥላሉ ወይም ወጥተው በዞዲያኩ ዳግም ይሞክራሉ። ጆሮን በግድ ከፍቶ ቡድኑን ማሳደድ ክልክል ይሁን።

ክብደትም አለ። ቀይ ባሕር ከአብዛኛው ውቅያኖስ የበለጠ ጨዋማ ነው፤ አንድ ሺህ ግራም ውኃ ወደ 40 ግራም ጨው ይይዛል። መሣሪያውን ጨምሮ 90 ኪሎ የሚመዝን ጠላቂ ከጣፋጭ ውኃ ወይም ከገንዳ ሲመጣ 3 በመቶ ያህል፣ ማለትም ወደ 2.7 ኪሎ እርሳስ ይጨምራል። የአዲስ አበባ ባልደረቦቻችሁ የገንዳውን ልክ ይዘው እንዳይመጡ። ማረጋገጫው፦ የመጀመሪያው ቀን ቀላል ዳይቭ መጨረሻ ላይ፣ 50 ባር ሲቀር፣ 5 ሜትር ላይ ቢሲዲው ባዶ ሆኖ ሳይንሳፈፉ መቆም። አሉሚኒየም ሲሊንደር ሲራቆት ወደ 2 ኪሎ ይቀላል፤ ለዚያ ነው ሙከራው መጨረሻ ላይ የሚደረገው።

#7 — ባለ15ሊትር

ስለ ሲሊንደሩ። «100 ባር ላይ አሳውቁ፣ 50 ባር ይዛችሁ ውጡ» የሚለው አባባል ለቤት ሪፍ (ከሆቴሉ ፊት ላለው ቀላል ሪፍ) ነው። እዚህ ስሌቱን ሥሩት። ከ30 ሜትር ሁለት ሰው በአንድ ሲሊንደር የሚወጣበትን ጋዝ ላስላ፤ እያንዳንዱ ተደናግጦ በደቂቃ 30 ሊትር፣ በድምሩ 60 ሊትር ይስባል ብለን እንያዝ።

አንድ ደቂቃ ችግሩን ለመፍታት፣ በ30 ሜትር ግፊት ማለትም 4 ባር ላይ፦ 240 ሊትር። ከ30 ወደ 5 ሜትር በደቂቃ 9 ሜትር ሲወጣ ወደ ሦስት ደቂቃ፣ አማካይ ግፊቱ 2.75 ባር፦ 495 ሊትር። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ፦ 270 ሊትር። እስከ ወለል አንድ ደቂቃ፦ 75 ሊትር። ድምር 1080 ሊትር።

በ12 ሊትር ሲሊንደር ይህ 90 ባር ነው። በ15 ሊትር 72 ባር። ማለትም 12 ሊትር የያዘ ሰው 30 ሜትር ላይ መለኪያው 90 ሲል መውጣት ጀምሯል እንጂ ገና ሊያሳውቅ አይደለም። 200 ባር ይዞ ከገባ የሚሠራበት 110 ባር፣ ማለትም 1320 ሊትር ብቻ ነው። በደቂቃ 20 ሊትር የሚስብ ሰው 30 ሜትር ላይ 80 ሊትር ይጨርሳል፤ 16 ደቂቃ። ከረንት ታግሎ በደቂቃ 35 ሊትር ከሳበ 9 ደቂቃ።

15 ሊትር ጠይቁ። ማዕከሎቹ አላቸው፣ ግን ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ይያዛል።

#8 — ጧት_ጀልባ

ይሄ ትንሽ የተጋነነ አይመስልህም? በየቀኑ ብዙ ሰው በ12 ሊትር ይጠልቅበታል፣ 50 ባር ይዞም ይወጣል።

#9 — ባለ15ሊትር

ወንድሜ፣ ሁሉም ነገር በደህና ሲሄድ 50 ባር ይበቃል፤ እሱን አልካድኩም። ስሌቱ የተሠራው የአንዱ ጋዝ ለሚቋረጥባት አንዲት ደቂቃ ነው። 50 ባር በ12 ሊትር 600 ሊትር ነው፤ የሚያስፈልገው 1080። የጎደለው 480 ሊትር ከየት ይመጣል? ጥልቀቱን ወደ 20 ሜትር ካመጣኸው ቁጥሩ በጣም ይወርዳል፤ 12 ሊትር የያዘ ሰው በግድግዳው 20 ሜትር ላይ መጥለቁን አልቃወምም። ሰሜን ደልዳላ ላይ 30 ሜትር ወርዶ መዶሻ ራስ ሻርክ እጠብቃለሁ ካለ ግን ልኩ ይህ ነው።

ሌላ አማራጭ 3 ሊትር ትርፍ ሲሊንደር ከራሱ ሬጉሌተር ጋር። 200 ባር ላይ 600 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሰው ከ30 ሜትር መውጫ 540 ስለሚበቃ ልክ ይመጣል።

#10 — ጧት_ጀልባ

ቁጥሩን ሳየው ገባኝ። ተቀብያለሁ።

#11 — ሳባ_ኤላት

ናይትሮክስ፦ አካባቢው ላይ የሚሰጠው በአብዛኛው 32 (32 በመቶ ኦክስጅን) ነው። የኦክስጅን ግፊቱ 1.4 ባር የሚደርስበት የጥልቀት ወሰኑ 33.7 ሜትር፣ 28 ቢሆን 40 ሜትር ነው። 32 በ30 ሜትር ላይ የናይትሮጅን ጫናው በአየር 24 ሜትር እንደመጥለቅ ስለሆነ ለደልዳላው ተስማሚ ነው። አደጋው ግድግዳው ነው፤ መሬት ስለሌለው ጥልቀትን ዓይን አይነግርህም፣ ውኃው ጥርት ያለ ስለሆነ 38 ሜትርም 25 ይመስላል። ኮምፒውተሩን 30 ሜትር ላይ እንዲጮህ አስተካክሉት። ካሜራ የያዘ ሰው ደግሞ ባልደረባው ጥልቀቱን ይቁጠርለት።

#12 — ጥልቅ_ድብልቅ

ስለ ቅስቱ ማንም ስላልመለሰ። አጭሩ መልስ፦ አይሆንላችሁም፤ ምክንያቱን ግን በቁጥር ላስቀምጠው፣ ምክንያቱም ጀልባ ላይ «እናሳያችኋለን» የሚል ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል።

ቅስቱ ያለው ደቡብ ደልዳላ ሥር ነው፤ ጣሪያው 50 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወለሉ ከዚያም ይወርዳል። ውስጡ ላለው አራት ማዕዘን ድንጋይ የመቃብር ሣጥን የሚል ስም ሰጥተው የፈርዖን ታሪክ የሚያወሩበት አለ፤ ድንጋይ ነው። ግብፅ ውስጥ የስፖርት ጠላቂ ወሰን 40 ሜትር ነው።

በናይትሮክስ 32 ወደ 50 ሜትር መውረድ የኦክስጅን ግፊቱን 1.92 ያደርሰዋል። ያ ያለ ማስጠንቀቂያ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ሬጉሌተሩ ከአፍ ይወድቃል፣ ሰውየው ይሰምጣል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

በአየርስ? 55 ሜትር ላይ የኦክስጅን ግፊቱ 1.37 ነው፤ ያ ራሱ ያልፋል። የሚገድለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የጋዙ ጥግግት በሊትር ወደ 8 ግራም ይደርሳል፤ የሚመከረው 5.2፣ የመጨረሻው ጣሪያ 6.2 ነው። ከዚያ በላይ ሳንባ የተቃጠለውን አየር በበቂ ማስወጣት ያቅተዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ፊን በኃይል የመታ ሰው ትንፋሽ ይቆረጠዋል፣ ብዙ በተነፈሰ ቁጥር ይብስበታል። ሁለተኛ፣ ናርኮሲስ (የናይትሮጅን ስካር)፦ መለኪያውን አይቶ ያየውን ቁጥር አለመረዳት። ሦስተኛ፣ ጋዝ። ባለ15ሊትር የሠራውን ስሌት ከ55 ሜትር ድገሙት፦ አንድ ደቂቃ ታች 390፣ እስከ 5 ሜትር አምስት ተኩል ደቂቃ በአማካይ 4 ባር 1320፣ ሦስት ደቂቃ ማረፊያ 270። 1980 ሊትር፣ በ12 ሊትር ሲሊንደር 165 ባር፤ ያውም እስከ ወለል ያለው የመጨረሻው ደቂቃና ዲኮምፕረሽን (ናይትሮጅኑ እንዲወጣ በመንገድ ላይ የሚደረግ ማረፊያ) ሳይጨመሩ። 200 ይዞ የገባ ሰው ቅስቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ 165 አልፎታል። ማለትም ገና ሳይገባበት ባልደረባውን ማዳን የማይችል ሆኗል።

በትክክል የሚሄዱበት ሰዎች መንታ 12 ሊትር፣ ለምሳሌ ትራይሚክስ 18/45 (18 በመቶ ኦክስጅን፣ 45 በመቶ ሂሊየም፤ 55 ሜትር ላይ ኦክስጅኑ 1.17፣ ጥግግቱ በትክክል 5.2 ግራም)፣ ለመውጫ 50 በመቶ ናይትሮክስ፣ ከላይ ደግሞ የሚከተላቸው ዞዲያክ ይዘው ነው። ኮርሱ አለ፣ ጊዜ ይወስዳል። እናንተ ከቅስቱ በላይ 25 ሜትር ላይ ደቡብ ደልዳላውን ብታዩ የጎርጎንያውን (የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ኮራል) ደን፣ ለስላሳ ኮራሉን፣ ኤሊውንም ታገኛላችሁ።

#13 — የገደል_ዳር

ቅስቱን ከዕቅዱ ሰርዘነዋል። ጋሼ ጥልቅ_ድብልቅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ታች ስለሚስብ ከረንት ግን ብዙ የተለያየ ነገር ነው የምንሰማው፤ አንዱ ግድግዳውን ያዝ ይላል፣ ሌላው ከግድግዳው ራቅ።

#14 — ቀይባሕር_በረኛ

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የት እንዳለህ ነው።

እንዴት ይፈጠራል? ደልዳላው ላይ የሚሄድ ውኃ ዳር ላይ ሲደርስ እንደ ፏፏቴ ጠርዙን ተከትሎ ይወድቃል። ወይም ትከሻው ላይ የተከፈለው ከረንት ግድግዳውን መትቶ ወደ ታች ይታጠፋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው፦ ከግድግዳው ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ።

ምልክቶቹ፦ የራስህ አረፋ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ዙሪያህን ይሽከረከራል ወይም ይወርዳል። አንቲያስ የሚባሉት ብርቱካናማ ትንንሽ ዓሦች ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ከረንቱ ነው የሚያደርጉት፤ ራሳቸውን ወደ ላይ አቅንተው ኮራሉ ላይ ከተለጠፉ ውኃው እየወረደ ነው። ጆሮህ ሳትወርድ ይጨናነቃል። ፊንህን እየመታህ የኮምፒውተሩ ቁጥር ይጨምራል።

ምን ይደረግ? የሚያዝ የሞተ ድንጋይ ካለ በሁለት ጣት ያዘው፣ ትንፋሽህን አረጋጋ፣ ከዚያ እየተያዝክ በሰያፍ ውጣ። የሚያዘው ሕያው ኮራል ብቻ ከሆነ ወይም ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ዞር ብለህ ጀርባህን ለሪፉ ሰጥተህ በአግድም ወደ ሰማያዊው ዋኝ፤ አሥርና አሥራ አምስት ሜትር በቂ ይሆናል። ቀጥታ ወደ ላይ መዋኘት ከውኃው ጋር ትግል ነው፣ ጋዝህን ይበላዋል። ቢሲዲው ላይ በትንሽ በትንሹ አየር ጨምር። ብዙ ሰው የሚጎዳው ቀጥሎ ባለው ነው፤ ከንጣፉ ስትወጣ ያ የጨመርከው አየር በድንገት ወደ ላይ ያስፈነጥርሃል። ጣትህ ማውጫው ላይ ይሁን። እርሳስ መጣል የመጨረሻው ነው፤ የጣለ ሰው ሲለቀቅ ራሱን መግታት አይችልም።

ባልደረባህ ከሦስት ሜትር በላይ ከራቀ እሱ ወዳልገባበት ንጣፍ አንተ ልትገባ ትችላለህ፤ ስለዚህ ጫፍ ላይ ተቀራረቡ። ጓንት በግብፅ የባሕር ፓርኮች ክልክል ነው፤ እጅ መጠለያ እንደማይሆን አስቀድማችሁ እወቁ።

#15 — ብርቱካናማ_ፊኛ

የምልክት ፊኛን አራታችሁም መያዝ ግዴታ ነው። ደቡብን ካለፋችሁ በኋላ ከረንቱ ወደ ክፍት ባሕር ነው የሚወስደው፤ የአንድ ሜትር ተኩል ማዕበል ውስጥ የጠላቂ ጭንቅላት ከጥቂት መቶ ሜትር አይታይም፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ካለች ደግሞ ካፒቴኑ ምንም አያይም። ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር የሚረዝም፣ ታች በኩል የተዘጋ፣ አየር ማውጫ ያለው ይሁን። 1 ሜትሩን መጫወቻ ቤት ተዉት።

አለቃቀቁ፦ 12 ሜትር ላይ ከግድግዳው ትንሽ ራቁ። ፊኛውን አውጣ፣ ክሩን አያይዝ፣ የክሩ መንጠቆ ከቢሲዲህ መለቀቁን በጣትህ ዳስስ። ላይ ተመልከት፤ ጀልባ ካለ ጠብቅ። ትንፋሽህን ወደ ውስጡ ንፋ፤ 4 ሊትር ያህል በ12 ሜትር ላይ ከገባ ወለል ሲደርስ 9 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስትነፋ ሳንባህ ይራቆታል፣ ትንሽ ትሰምጣለህ፤ ያ ተፈላጊ ነው። ልቀቀው፣ ጥቅሉን በሁለት ጣት መካከል ብቻ ያዝ። ክሩ ከተጠላለፈ ጥቅሉን ልቀቅ! የአሥር ብር ክር ለማዳን ብሎ 12 ሜትር በአንድ ጊዜ የወጣ ሰው ሳንባውን ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ ነው በቡድኑ ውስጥ ሁለተኛ ፊኛ የሚኖረው።

ፊኛው ላይ ከደረሰ በኋላ ክሩን ወጥረህ ያዘው፤ ከላላ ፊኛው ማዕበሉ ላይ ይተኛል፣ የተኛ ፊኛ ደግሞ አይታይም።

ቀለሙን ከካፒቴኑ ጋር ተስማሙ፦ ብርቱካናማ «እዚህ ነን»፣ ቢጫ «ችግር አለ»። ኤአይኤስ ቢኮን (ያላችሁበትን ቦታ በሬዲዮ ለጀልባ የሚያሳውቅ መሣሪያ) የምትይዙ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጀልባው ላይ ኤአይኤስ ተቀባይ አለ? በርቷል? ተቀባይ የሌለው ጀልባ ቢኮናችሁን አይሰማም።

#16 — ሳባ_ኤላት

ኅዳር የሎንጊማኑስ (ክንፉ ነጭ ጫፍ የሆነው የውቅያኖስ ሻርክ) ወቅት ስለሆነ። ክንፎቹ ክብ ሆነው ጫፋቸው ነጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ ባለ ጥቁር መስመር ትንንሽ ዓሦች ከፊቱ ይዋኛሉ። ከመዶሻ ራስ የሚለየው አይሸሽም፤ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይጠጋል። የሚዞረውም ወለሉ አጠገብ፣ በተለይ ደቡብ ላይ ከታሰሩት ጀልባዎች ሥር ነው። ማለትም ከሁሉ ደካማ የምትሆኑበት ቦታ፣ የመውጫው ደቂቃ።

እንግዲህ፦ ተጠጋግታችሁ ቁሙ፣ ጀርባ ለጀርባ። ዓይናችሁ ከእሱ አይለይ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ወለል ላይ ተጋድሞ ፊን ማንቦራጨቅ እንደ ቆሰለ ነገር ያደርጋችኋል። ከ5 ሜትር በታች ሆናችሁ ዞዲያኩ እስኪደርስ ጠብቁ፣ አንድ በአንድ ውጡ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወደ ታች እያዩ። በጣም ከተጠጋ ካሜራውን በመካከል አድርጉ፤ እጅ አትዘርጉ። አራት አምስት ጊዜ ክቡን እያጠበበ ከመጣ ዳይቩ አልቋል፣ ተረጋግታችሁ ወደ ሪፉ ቅረቡና ውጡ።

ጀልባው ላይ የምግብ ትርፍ ወደ ባሕር ሲጣል ካያችሁ በግልጽ ተናገሩ። እነዚህን እንስሳት ከጀልባ ጋር ምግብን እንዲያያይዙ ያስተማራቸው ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በግብፅ ቀይ ባሕር ያሉት ብራዘርስ ደሴቶች ለጊዜው የተዘጉት ከጠላቂዎች ጋር ያላቸው ግንኙነት ከከፋ በኋላ ነው። በዓለም ላይ ቁጥራቸው እጅግ የመነመነ ዝርያ ነው፤ እዚህ በዓይን ማየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፣ ሥነ ሥርዓት ይገባዋል።

#17 — ሐኪም_በባሕር

የበረራውን ጥያቄ ልመልስ፤ ለአዲስ አበባ ሰው መልሱ ከዱባዩ ይለያል።

የተለመደው መመሪያ ዲኮምፕረሽን ለሌለው አንድ ዳይቭ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ዳይቭ 18 ሰዓት፣ የዲኮምፕረሽን ማረፊያ ለነበረበት ከ18 በላይ ነው። ይህ የተሰላው ሰውየው ለጥቂት ሰዓት በአውሮፕላኑ የተቀነሰ ግፊት ውስጥ ቆይቶ ሲያርፍ ግፊቱ እንደሚመለስለት ታስቦ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሚያርፍ ሰው ወደ 1 ባር ይመለሳል። ቦሌ ግን 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የአውሮፕላን ክፍል የሚፈቀድለት ከፍታ እስከ 2,400 ሜትር ነው። ማለትም አዲስ አበባ ያረፈ ሰው በግፊት ሒሳብ ከአውሮፕላኑ አልወረደም። 0.76 ባር አካባቢ ውስጥ ቀናት ይቆያል። የቀረ አረፋ ካለ የሚጨመቅበት ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ እኔ ለአዲስ አበባዎቹ 24 ሰዓት ዝቅተኛው ነው እላለሁ፤ ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስቴ ከጠለቁ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ቢተዉ አያጡበትም። ኤልፊንስቶንን የጉዞው መጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት። በደረሱ ማግስት እንጦጦ መውጣትም ይቅር፤ ሌላ ብዙ መቶ ሜትር ነው። ትከሻ ወይም ጉልበት ላይ እንቅስቃሴ የማይለውጠው ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም፣ ቆዳ ላይ እብነ በረድ የመሰለ ነጠብጣብ ካዩ፣ «የጉዞ ድካም ነው» ብለው አይተኙ። ኦክስጅን፣ ከዚያ በቀጥታ የጠላቂ ሐኪም።

#18 — ሐኪም_በባሕር

ጀልባ ላይ ያለው ኦክስጅንም ይጠየቅ። ለአንድ ሰው በደቂቃ 15 ሊትር ነው። ወደብ መመለሻው 90 ደቂቃ ከሆነ 1350 ሊትር። 5 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 1000 ሊትር ብቻ ስለሆነ በ66 ደቂቃ ያልቃል። «ኦክስጅን አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ስንት ሊትር፣ ስንት ባር፣ ማስኩ የትኛው ነው?» በሉ፣ መለኪያውንም አሳዩን በሉ። ማርሳ አላም አካባቢ የግፊት ክፍል አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ሳምንት እየሠራ መሆኑን ማዕከሉ ደውሎ ያረጋግጥላችሁ።

#19 — የገደል_ዳር

15 ሊትር አራት ሲሊንደር ዛሬ ጠየቅን፤ በረራውንም በአንድ ቀን ገፋነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጧት ደርሰን ነፋስ ካለ፣ የት ላይ ነው «ዛሬ አይሆንም» የሚባለው?

#20 — ቀይባሕር_በረኛ

ለእናንተ ልምድ፦ ሞተሩ ጠፍቶ በደቂቃ ከ45 ሜትር በላይ ከተነዳችሁ፣ ማለትም ከአንድ ኖት ተኩል በላይ፣ ዛሬ አይሆንም በሉ። በአንድና በአንድ ተኩል መካከል ከሆነ ሰሜኑን ሳትነኩ በግድግዳው መሐል ገብታችሁ 20 ሜትር ላይ ተንሳፍፋችሁ ወደ ደቡብ ሂዱ፤ ደቡብ ጫፍ ሳትደርሱ ከግድግዳው ጋር ውጡ።

ማዕበሉን ደግሞ በመውጫው መዝኑት። ዞዲያኩ ጎን ሆናችሁ መጀመሪያ እርሳስ፣ ቀጥሎ ቢሲዲ ትሰጣላችሁ፣ ፊን ግን እስከ መጨረሻው እግራችሁ ላይ ይቆያል፣ ምክንያቱም በእሱ ነው ራሳችሁን ወደ ውስጥ የምትወረውሩት። ካፒቴኑ ሞተሩን ዜሮ ላይ አድርጎ እጁን ሳያነሳ ማንም አይጠጋ። ጀልባዋ በማዕበሉ ተነስታ ስትወድቅ ሆዷ ከውኃ እየወጣ የሚያጨበጭብ ከሆነ የሚመታው ጭንቅላት ነው። ያን ካያችሁ ማንም ሳይለብስ ተመለሱ፤ አቡ ዳባብ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ኤሊዎቹ አሉ፣ ነፋሱም እንደ ሜዳው ባሕር አያገኛችሁም።

#21 — ባለ15ሊትር

ሲሊንደሮቹ ሲመጡ ቫልቫቸውን እዩ፦ ዲን ወይስ ዮክ (ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ዓይነት ማያያዣዎች)? 15 ሊትሮቹ አንዳንዴ ከ12ቶቹ ይለያሉ። ሬጉሌተራችሁ ዲን ከሆነ ለዮክ የሚሆን ማገናኛ፣ ከትርፍ ጎማ ቀለበቶች ጋር፣ ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

#22 — የገደል_ዳር

ሁለታችን ዲን፣ ሁለታችን ዮክ ነን። ማገናኛውን ሁለት እንይዛለን።